ጭጋጉም፣ ሞተሩም የሚዘፍኑበት በረራ

በጁላይ 1929 ጀርመን አገር፣ ባደን ባደን ከተማ በተካሄደ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ለሁለት የተከፈለ መድረክ ታየ። በአንደኛው ወገን ኦርኬስትራውና ዘፋኞቹ ተደርድረዋል፤ የእነሱ ድርሻ ሬዲዮውን መወከል ነው። በሌላኛው ወገን ኮቱን ያወለቀ አንድ ሰው ኖታውን ይዞ ተቀምጧል፤ እሱ የሚወክለው ቤቱ ሆኖ ሬዲዮ የሚያዳምጠውን ሰው ነው። ሬዲዮው ነፋሱን፣ የባሕሩን ድምፅና የሞተሩን ጩኸት ያሰማል፤ አድማጩ ደግሞ የአንድ አውሮፕላን አብራሪን ድርሻ ይዘፍናል።

የዚህ የሬዲዮ ተውኔት ጽሑፍ የጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት የቤርቶልት ብሬክት፣ ሙዚቃው የኩርት ቫይልና የፓውል ሂንደሚት ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቫይል ሙዚቃውን በሙሉ ብቻውን ደርሶት በርሊን ውስጥ ቀረበ። ጽሑፉ በ1930 ሲታተም ርዕሱ «የሊንድበርጎች በረራ» ሆነ፤ ለወንዶችና ለሴቶች ልጆች የተዘጋጀ የሬዲዮ ማስተማሪያ እንደሆነም ተገለጸ። አብራሪው ሊንድበርግ አንድ ሰው ሆኖ ሳለ «ሊንድበርጎች» የተባለው፣ ብሬክት የአብራሪውን ድርሻ ተማሪዎች በጋራ እንዲዘፍኑት ስለፈለገ ነው። ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች ሁሉ አብራሪ ይሆናሉ።

ታሪኩ እውነተኛ ነው። ቻርልስ ሊንድበርግ የተባለ የ25 ዓመት አሜሪካዊ በሜይ 20 ቀን 1927 ጠዋት ከኒው ዮርክ ተነሥቶ፣ ብቻውን፣ የትም ሳያርፍ፣ በማግስቱ ማታ ፓሪስ ደረሰ። ወደ 5,800 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ በ33 ሰዓት ተኩል ጨረሰው። ከእሱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው ከፓሪስ ወደ ኒው ዮርክ የተነሡት ኑንጄሴና ኮሊ የተባሉ ፈረንሳውያን አብራሪዎች እንደወጡ ቀርተዋል። ሊንድበርግ ለነዳጅ ቦታ ለማግኘት ሲል ሬዲዮም ፓራሹትም አልያዘም።

የተውኔቱ ብልሃት ጎልቶ የሚታየው አብራሪው ባሕሩ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ጭጋጉ ራሱ እየዘፈነ ይፎክራል። ቀጥሎ የበረዶው ውሽንፍር ይመጣል። ከሁለቱም የሚብሰው እንቅልፍ ነው፤ አይፎክርም፣ አያስፈራራም፤ ትንሽ ብቻ አረፍ በል እያለ በለስላሳ ዜማ ያባብላል። ሊንድበርግን በእውነትም ከሁሉ በላይ የፈተነው እንቅልፍ ነበር፤ ከመነሣቱ በፊት በነበረው ሌሊትም አልተኛም። እዚህ ቦታ ላይ ተማሪው ለእያንዳንዱ ጠላት በራሱ አፍ መልስ መስጠት አለበት። ተቀምጦ የሚያይ ልጅ አብራሪውን ያደንቃል፤ የሚዘፍነው ልጅ ግን ድካሙን በትንፋሹ ይለካዋል። ፊደል በዜማ ቆጥሮ ያደገ ሰው፣ በአፍ የተዜመ ትምህርት ከጆሮ ይልቅ ሰውነት ውስጥ እንደሚቀር ያውቀዋል። ይህ ሥራ ያንን ኃይል ለበረራ ታሪክ አዋለው፤ ለእኔ ትልቁ ዋጋው እዚህ ላይ ነው።

ፈጠራን በተመለከተም ተውኔቱ ልጆችን አያታልልም። አብራሪው ከመነሣቱ በፊት የያዛቸውን ዕቃዎች በዝርዝር ይዘፍናል፤ የእጅ መብራት፣ ገመድ፣ ቢላዋ፣ የጎማ ጀልባ። ጉዞው ወደ ማለቁ ሲቃረብ ከሞተሩ ጋር ይነጋገራል፤ ዘይትህ ይበቃሃል ወይ፣ ነዳጁስ ያደርስሃል ወይ እያለ ይጠይቀዋል። አውሮፕላኑን ሳን ዲዬጎ ከተማ ውስጥ ቀንና ሌሊት ሠርተው ያወጡትን ሠራተኞችም ያነሣቸዋል። አውሮፕላን ከአንድ ጀግና ራስ እንዳልወጣ፣ ቱቦ የበየደ፣ ሸራ የወጠረ፣ ሞተር የገጠመ ብዙ ሰው እጁ እንዳለበት ልጆቹ እየዘፈኑ ይረዳሉ። ስለ ፈልሳፊዎች ለልጆች የሚጻፉ ብዙ ታሪኮች ይህን ይዘሉታል።

ከሃያ ዓመት በኋላ ብሬክት የሊንድበርግን ስም ከሥራው ላይ ሰረዘ። ሊንድበርግ በ1938 ከሄርማን ጎሪንግ እጅ የናዚ ጀርመንን ኒሻን ተቀብሏል፤ አሜሪካ ከሂትለር ጋር ወደ ጦርነት እንዳትገባም በአደባባይ ተከራክሯል። በ1950 አንድ የጀርመን ሬዲዮ ጣቢያ ሥራውን ለማሰራጨት ሲያስብ፣ ብሬክት ርዕሱ «የውቅያኖስ በረራ» እንዲባል፣ ለውጡ ለምን እንደተደረገም መግቢያው ላይ እንዲነገር ጠየቀ። ስሙን የሚናገርበት ቦታ ላይ አብራሪው አሁን ስሜ ምንም አይደለም ይላል። ብሬክት ትክክል ያደረገ ይመስለኛል፤ በረራው እንዳለ ቀርቷል፣ ሠራተኞቹም ቦታቸውን አልለቀቁም፣ ልጆቹም የሚዘፍኑት ድርሻ ከስሙ በቀር ሳይነካ ቆይቷል።

አንድ ጉድለት አለበት። አውሮፕላን ለምን አየር ላይ እንደሚቆይ አይነግርም። ስለዚህ ይህን ወይም ይህን መሰል ሥራ የሚያዘጋጅ መምህር ዘፈኑን የሚያቆምበትን ቦታ መምረጥ አለበት። ከሁሉ የሚሻለው የበረዶው ዘፈን ነው። ልጆቹ ዘፍነው ሲጨርሱ፣ ክንፍ ላይ በረዶ ቢጋገር ምን ይሆናል ብሎ ይጠይቃቸው። ብዙዎቹ «ይከብዳል» ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ግን ግማሹ መልስ ነው። በረዶው የክንፉን ቅርጽ ያበላሸዋል፤ የክንፉን ጀርባ ተከትሎ ይፈስ የነበረው አየር ይረበሻል፤ አውሮፕላኑን የሚያነሣው ኃይልም ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ ብሎ ይጠይቅና ሊንድበርግ ያደረገውን ይንገራቸው። ደመና ውስጥ እያለ እጁን በመስኮት ሲያወጣ በረዶው ወጋው፤ በባትሪ ቢያበራ ክንፉን ደግፎ የያዘው ዘንግ ላይ በረዶ ተጋግሮ አየ። በቀጥታ ማለፉን ትቶ ቀስ ብሎ ዞረ፤ ከደመናው ወደ ጠራ ሰማይ ወጣና መንገዱን በደመናዎቹ ዙሪያ ቀጠለ።