የዋህ ውሻና የተከፈተ በር

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱ የሚናገረው ስለ አጥር ነው፤ እኛ ግን ዛሬ ስለ ውሻው ራሱ ለመነጋገር አስበናል። በከተማችን በአዲስ አበባ ስም የወጣለትና ቀለብ የሚሰጠው ውሻ ሲመሽ በሩ ተከፍቶለት እንደ ልቡ ሲዞር የሚያድርበት ልማድ አለ። ልማዱ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን አይደለም።

ነገሩን እንድናነሣ ያደረገን በመካከላችን የደረሰ ጉዳይ ነው። ባለፈው ክረምት ከጓደኞቻችን አንዱ በቤተ መጻሕፍት አምሽቶ ወደ መኝታ ቤቱ ሲመለስ አንድ ውሻ ከኋላው መጥቶ ቁርጭምጭሚቱን ነከሰው። ውሻው ለሁላችንም የታወቀ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ካለ ቤት እየወጣ በምግብ አዳራሹ ደጃፍ ፍርፋሪ ይለቅማል፤ እኛም በእጃችን አጉርሰነዋል። ጌታው ሲጠየቁ «እሱ እኮ የዋህ ነው፤ ሰው ነክሶ አያውቅም» አሉ። ጓደኛችንም ነገሩን ማካበድ አፍሮ ቁስሉን በመሐረብ አስሮ ተኛ። በማግሥቱ አንዱ ፌጦ፣ ሌላው ነጭ ሽንኩርት አዘዘለት። ወደ ሐኪም የሄደው በአምስተኛው ቀን ነው። ሐኪሙም አስቀድመው የጠየቁት «ውሻው አሁን የት ነው?» ብለው ነበር። ውሻው ግን ከሦስት ቀን በፊት እንደ ልማዱ ወጥቶ በዚያው ቀርቶ ነበር።

ይህ ጥያቄ ስለምን እንደሚቀድም ለመረዳት የበሽታውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው በዓይን በማይታይ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ስለሚገኝ፣ እንስሳው ሲነክስ ወይም የተላጠ ቆዳ ሲልስ ወደ ሰው ይገባል። ከዚያም በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጃል፤ ከዚያ የሚያጥርበትም የሚረዝምበትም ጊዜ አለ። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የተነከሰው ሰው ይድናል ማለት ዘበት ነው። ሆኖም ቫይረሱ ዝግ ብሎ መጓዙ ለእኛ ዕድል ነው፤ ክትባት ቀድሞት ሊደርስ ይችላልና። ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. በእብድ ውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ ያተረፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

ውሻው ቢታመም ምራቁ በሽታ ማስተላለፍ የሚጀምረው ምልክቱ ሊታይ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ስለዚህ የነከሰ ውሻ ታስሮ 10 ቀን ቢጠበቅና በደኅና ቢሰነብት፣ በነከሰበት ቀን ምራቁ ንጹሕ ነበር ማለት ነው። ይህ ማለት ግን የተነከሰው ሰው እስከዚያ እጁን አጣጥፎ ይጠብቅ ማለት አይደለም፤ ሕክምናው ወዲያው ይጀመራል። ቁም ነገሩ፣ በቤቱ ያለ ውሻ ምስክር ሲሆን፣ የጠፋ ውሻ ምስክርነቱን ይዞት መጥፋቱ ነው።

«ውሻዬ የዋህ ነው» የሚለውም አነጋገር ብዙ ሰው ያታልላል። ባለቤቱ የሚያውቀው ውሻው በግቢ ውስጥ ያለውን ጠባይ ነው፤ ሌሊት ከማን ጋር እንደ ተናከሰ ግን አያውቅም። ከዚህም በላይ፣ ያበደ ውሻ ሁሉ አረፋ እየደፈቀ የሚሮጥና ያገኘውን የሚነክስ አይደለም። አንዳንዱ ዝም ብሎ ይተኛል፤ መንጋጋው ይወድቃል፤ መዋጥ ያቅተዋል። ባለቤቱም አጥንት ሰንቅሮት ነው ብሎ እጁን በአፉ ውስጥ ይከታል። የዋህነቱም ያን ጊዜ ወጥመድ ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ በሽታ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚሞት ይገምታል። ወደ ሰው የሚተላለፈው ከመቶ 99 እጅ በውሻ ነው። ከሟቾቹም ከአሥሩ አራት ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። ልጅ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ፊቱንና ራሱን ይነከሳል፤ ከዚያ ደግሞ ወደ አንጎል ያለው መንገድ ቅርብ ነው። አንዳንዱ ልጅ ቁጣ ፈርቶ መነከሱን እንኳ ለወላጆቹ አይናገርም።

አደጋው በዚህ ብቻ አያበቃም። በበዓል ቀን በግ ታርዶ የተበላሸ ጉበትና ሳንባ ወደ ውጭ ሲጣል፣ ልቅ ውሻ ያን በልቶ የትል እንቁላል በኩሱ ይበትናል። እንቁላሉ በእጅ ወይም ባልታጠበ አትክልት ወደ ሰው ሆድ ከገባ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ በጉበት ወይም በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ሆኖ ይገኛል።

ልቅ ውሻ የሚጎዳውም ሰውን ብቻ አይደለም። ከአገራችን በቀር በዓለም የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ዛሬ ቁጥሩ ወደ 500 ብቻ ይገመታል። በባሌ ተራሮች ይህ በሽታ ከውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎች ደጋግሞ ተሻግሯል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስት እጅ ያህሉ አልቀዋል። የእረኛው ውሻ በቀደደው ሞት ገባ።

ታዲያ ምን ይሻላል? «ውሾቹ በመርዝ ይለቁ» የሚሉ አሉ። ውሻ ሲገደል ግን ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ያልተከተበ ሌላ ውሻ ይተካበታል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70 እጅ ያህሉ በየጊዜው ከተከተቡ ግን የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ስለዚህ የውሻ ባለቤት ሁሉ በሩን ይዝጋ፤ ውሻውን በየዓመቱ ያስከትብ፤ ወደ ውጭ ሲያወጣውም በማሰሪያ ይያዘው። የተነከሰ ሰው ደግሞ ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ሙሉ ይጠበው፤ ሳያድርም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ለወጥና ለብርድ ይቆዩልን።

ጓደኛችን ክትባቱን ጨርሶ ዛሬ ከእኛ ጋር ይማራል። ነገር ግን እነዚያን ሦስት ወራት ራሱን በቆረጠመው ቁጥር «መጣብኝ ይሆን?» እያለ እንዳሳለፋቸው እኛ አብረነው ያደርን እናውቃለን። ውሻው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ጌታውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ሆኖም በምግብ አዳራሹ ደጃፍ እያጎረስን መውጣትን ያስለመድነው እኛም ነን። ውሻን መውደድ ማጉረስ ብቻ አይደለም፤ በሩን መዝጋትም ነው።