በውሃ ውስጥ የሟሙ ብረታ ብረቶች እንዴት ይለካሉ?

ጥርት ብሎ የሚታይ ውሃ ሁሉ ለጤና ተስማሚ ነው ማለት አይደለም። በውሃ ውስጥ የሟሙ ብረታ ብረቶች ብዙውን ጊዜ በዓይን አይለዩም። ካልሲየምና ማግኒዚየም ለሰውነት ጠቃሚ ሲሆኑ፣ እርሳስ ግን በጥቂቱም ቢሆን የሕፃናትን የአእምሮ እድገት ይጎዳል። መጠናቸውን በእርግጠኝነት ማወቅ የሚቻለው በላቦራቶሪ ልኬት ነው።

የዘዴው መነሻ

ከልኬት ዘዴዎች አንዱ በብርሃን ላይ የተመሠረተ ነው። በአንድ ጠለል ብቻ የሚርገበገብ ብርሃን በአንዳንድ ፈሳሾች ውስጥ ሲያልፍ ጠለሉ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ይዞራል። ሉዊ ፓስተር በ1848 እ.ኤ.አ. የአንድ ጨው ክሪስታሎችን በሁለት ከፍሎ፣ ከፊሎቹ ብርሃኑን ወደ ቀኝ፣ የቀሩት ወደ ግራ እንደሚያዞሩ አሳይቷል። በጉለሌ ክፍለ ከተማ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኝበት አካባቢ «ፓስተር» የሚባለው በዚሁ ሳይንቲስት ስም ነው።

አሠራሩ

የናሙናው አሲድነት ከተስተካከለ በኋላ፣ ብርሃንን የሚያዞርና ብረታ ብረትን አጥብቆ የሚይዝ ኬሚካል በጠብታ ይጨመራል። የኬሚካሉ አንድ ሞለኪውል አንድ የብረት አዮን ሲይዝ ብርሃንን የማዞር አቅሙ ይለወጣል። ባለሙያው በየጠብታው መጠን የዙረቱን ማዕዘን በፖላሪሜትር እያነበበ በግራፍ ያሰፍራል። አዮኖቹ ተይዘው ሲያልቁ የግራፉ መስመር ይታጠፋል፤ ልኬቱም የሚሰላው ከዚህ ነጥብ ነው።

ለምሳሌ 25 ሚሊ ሊትር የካልሲየም ናሙና፣ በሊትር 0.1 ሞል ከያዘው ኬሚካል 5 ሚሊ ሊትር ቢወስድ፣ በናሙናው ውስጥ 20 ሚሊ ግራም፣ ማለትም በሊትር 800 ሚሊ ግራም ካልሲየም አለ ማለት ነው።

የዘዴው ወሰን

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የእርሳስ መመሪያ መጠን በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ነው። ይህን ያህል ጥቂት መጠን ለመለካት እንደ አቶሚክ አብዞርፕሽን ስፔክትሮሜትር ያሉ ይበልጥ ረቂቅ መሣሪያዎች ያስፈልጋሉ።

ኅብረተሰቡ ሊያውቀው የሚገባ

• ውሃን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ እርሳስን ግን አያስወግድም።
• በአሮጌ ቧንቧ ውስጥ ያደረ ውሃ ለመጠጥ ከመቀዳቱ በፊት ለጥቂት ጊዜ ሊፈስ ይገባል።
• የግል ጉድጓድ ውሃ ለመጠጥ ከመዋሉ በፊት በላቦራቶሪ መመርመር ይኖርበታል።