ስለ ቤት ክዳንና ስለ ታማኝ ሠራተኛ

በአዲስ አበባ፥ እንደ መካኒሳ ባሉት ሰፈሮች፥ ከአሮጌዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ በእንጨትና በጭቃ ተሠርተው ቆርቆሮ የለበሱ ናቸው። የክረምቱ ዝናብና በረዶ ሲደጋገምበት ቆርቆሮው ይዝጋል፤ ውሃውም በስውር ገብቶ ማገሩን ያበሰብሳል፥ ግድግዳውንም ይንዳል። ስለዚህ ክዳንን ማደስ ለውበት ሳይሆን ቤትን ለማዳን ነው።

ዳሩ ግን ታማኝ ሠራተኛ ማግኘት ከቆርቆሮው ዋጋ ይልቅ ያስቸግራል። በበጋ ክዳን ሁሉ ደኅና ይመስላል፤ ጉድለቱ የሚገለጠው ገንዘቡ ተከፍሎ ሠራተኛው ከሄደ በኋላ ነው። እንግዲህ ባለ ቤት የሆነ ሰው ሠራተኛው የሚናገረውን ብቻ ሳይሰማ፥ ሁለት ሦስት ክረምት ያለፈበትን ሥራውን ሄዶ ይመልከት፤ የዚያንም ቤት ጌታ ይጠይቅ።

ታማኝ ሠራተኛ ጣራው ላይ ወጥቶ የበሰበሰውን እንጨት ሳይመረምር ዋጋ አይቈርጥም። ምስማሩንም በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ አይመታም። የጌጁ ቍጥር በበዛ መጠን ቆርቆሮው እንደሚሳሳ፥ ባለ 35ቱም ከባለ 28ቱ ይልቅ ስስ መሆኑን አይሸሽግም።

ውሉም በምስክር ፊት ይጻፍ፤ ገንዘቡም ባንድ ጊዜ አይከፈል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 3039፥ የሥራ ተቋራጭ ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ስለ ሥራው ደኅንነትና ጽናት 10 ዓመት ዋስ እንዲሆን አዟል። ነገር ግን ውል ያልጻፈ ድኻ በዚህ ሕግ ለመጠቀም ይቸገራል።

ስለዚህ የወረዳ ሹማምንትና የንስሐ አባቶች፥ ሰኔ ሳይገባ፥ ይህን ለሰፈሩ ሰው ቢያስረዱ ብዙ ቤት ከመፍረስ ይድናል።