የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትና የባለሙያው አገልግሎት

በጉራጌ ዞን የምትገኘው ጉንችሬ በዙሪያዋ ላሉ የገጠር ቀበሌዎች የትምህርት መዳረሻ ከተማ ናት። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ለመከታተል ከገጠር የሚመጣ ተማሪ ብዙ ጊዜ ክፍል ተከራይቶ፣ ስንቁን ከቤተሰቡ እያስመጣ ይማራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛና ጸጥታ የሚያገኝበት፣ ሊገዛው የማይችለውን መጽሐፍ የሚያነብበት ስፍራ ነው።

የንባብ ክፍተቱ የሚጀምረው ግን ከዚያ አስቀድሞ ነው። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ክህሎት ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። በቤቱ ጉራጊኛ እየተናገረ በአማርኛ ማንበብ ለሚለማመድ፣ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ደግሞ በእንግሊዝኛ ለሚማር ልጅ የመማሪያ መጽሐፉ ብቻውን በቂ አይሆንም።

መጽሐፍ መኖሩ በራሱ አገልግሎት አይደለም። ተቆልፎ የሚውል ክፍል መጋዘን እንጂ ቤተ መጻሕፍት ሊባል አይችልም። ባለሙያው እያንዳንዱን መጽሐፍ መዝግቦ በዓይነቱ ይመድባል፤ በዲዊ የአመዳደብ ሥርዓት ለምሳሌ የቋንቋ መጻሕፍት ከ400፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ከ500፣ የታሪክና የጂኦግራፊ ደግሞ ከ900 ጀምሮ ይቀመጣሉ። የመጽሐፉን ስም የማያውቅ ተማሪ ርዕሱን ብቻ ቢናገር መደርደሪያውን ያሳየዋል። ከመምህራን ጋር ተነጋግሮ ለሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት የሚያግዙትን አስቀድሞ ያወጣል፤ የተዋሱትም በጊዜያቸው መመለሳቸውን ይከታተላል። መጥፋትን በመፍራት ማዋስን ጨርሶ መከልከል በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች የሚታይ አሠራር ቢሆንም፣ መጻሕፍቱን ከአንባቢ ከመለየት በቀር የሚያስገኘው ጥቅም የለም።

ሰፊ ሕንፃ መጠበቅም አያስፈልግም። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሐዋሳ ያስጀመሩት በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍት ለሕፃናት መጽሐፍ ያደርስ የነበረው ያለ ሕንፃ ነው።

የጉራጌ ተወላጆች በመዋጮ መንገድና ትምህርት ቤት የማሠራት የቆየ ልማድ አላቸው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የትምህርት ለትውልድ ንቅናቄም ኅብረተሰቡ ትምህርት ቤቶችን እንዲደግፍ ጥሪ ያቀርባል። ስለሆነም ለመስቀል በዓል ወደ አገር ቤት የሚመለሱ ተወላጆች መጽሐፍ ከመግዛታቸው በፊት የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያ የጎደለውን ዝርዝር ቢጠይቁ ይመረጣል፤ ሥርዓተ ትምህርቱ ከመቀየሩ በፊት የታተሙ አጋዥ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ መደርደሪያ ከማጣበብ አያልፉም።

ቤተ መጻሕፍቱ በትምህርት ሰዓት ተዘግቶ የሚያገኙ ወይም የማዋስ አገልግሎት የተነፈጉ ተማሪዎችና ወላጆች ጉዳዩን በቅድሚያ ለርእሰ መምህሩ ወይም ለወላጅ መምህር ኅብረት፣ ምላሽ ካላገኙም ለሚመለከተው የወረዳ ወይም የከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይችላሉ።