ሐኪሙ ሲቸገር ወዴት ይሄዳል?

ሰው ሲታመም ወደ ሐኪም ይሄዳል። ይህን የማያውቅ የለም። ሐኪሙስ ዐይቶት የማያውቀው በሽታ ሲገጥመው ወዴት ይሄዳል? ውድ አንባቢ፤ ይህን ጥያቄ ምናልባት አንሥተውት አያውቁ ይሆናል። ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ማዳመጫውን በአንገቱ አንጠልጥሎ ስናየው ሁሉን የሚያውቅ ይመስለናል፤ እርሱም ቢሆን «ይህንን አላውቀውም» ብሎ በሽተኛውን ሊያስደነግጥ አይወድም። ነገር ግን የሕክምና ትምህርት እንደ ዳዊት ተደግሞ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ተማሪው ስድስት ሰባት ዓመት ደክሞ በሚመረቅበት ቀን ከተማረው ውስጥ ከፊሉ አርጅቷል፤ ሊያውቀው የሚገባው አዲስ ነገርም በዚያው ቀን በሌላ አገር እየታተመ ነው። ስለዚህ ሐኪም ሲቸገር የሚሄደው፣ ከእርሱ በፊት ያንኑ በሽታ ያዩ ሰዎች ጽፈው ወዳስቀመጡት ነገር ነው፤ ይህም የሚገኝበት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይባላል።

«ቤተ መጻሕፍትማ እናውቃለን፤ ጸጥ ያለ የጥናት ክፍል አይደለም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። እኔም የምፈራው ይህንኑ ነው። ብዙ ተማሪ ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚገባው ከአስተማሪው የተቀበለውን ሃንድአውት ይዞ ለፈተና ሊያጠና እንጂ መጽሐፍ ሊጠይቅ አይደለም። ወንበሩን ይፈልገዋል፤ መደርደሪያውን ግን ቀና ብሎ አያየውም። ይህ ልማድ በሌላው ትምህርት የሚያደርሰውን ጉዳት ሌላ ሰው ይጻፈው፤ በሕክምና ግን የፍለጋ ጉድለት የሰው ነፍስ እስከ ማጥፋት እንደሚደርስ ከታች እነግርዎታለሁ። አስቀድሜ የአንድ ተማሪ ታሪክ ላጫውትዎ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ «በእኛ» ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተማሪው ጆን ሾው ቢሊንግስ ይባላል። በ1838 በአሜሪካ፣ በኢንዲያና ተወለደ፤ ሲንሲናቲ በምትባለው ከተማ በኦሃዮ የሕክምና ኮሌጅ ተምሮ በ1860 ተመረቀ። ለመመረቂያ ጽሑፉ የመረጠው ጉዳይ የሚጥል በሽታ በቀዶ ሕክምና የሚታከምበትን መንገድ የሚመለከት ነበር። ልጁ ማወቅ የፈለገው ቀላል የሚመስል ነገር ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ስንት በሽተኛ በዚህ መንገድ ታከመ? ስንቱ ዳነ? ስንቱ ሞተ? ይህን የሚናገሩት ጽሑፎች ግን በልዩ ልዩ ቋንቋ፣ በልዩ ልዩ መጽሔት ተበትነው ነበር። ወራት ሙሉ መጽሐፍ ሲያገላብጥ ከረመ። በመጨረሻ የተረዳው ነገር ቢኖር፣ አንድ ተማሪ የሚፈልገውን ሁሉ የሚያገኝበት የሕክምና ቤተ መጻሕፍት በአገሩ አለመኖሩን፣ የትኛው ጽሑፍ የት እንዳለ የሚናገር በቂ ማውጫም አለመኖሩን ነው። ሌላው ቢሆን ዲፕሎማውን ተቀብሎ ብስጭቱን ይረሳው ነበር። እርሱ አልረሳውም።

ወዲያው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ፤ ቢሊንግስም የሠራዊቱ ሐኪም ሆኖ ቁስለኛ ሲያክም ቆይቶ፣ ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ዋሺንግተን ወደሚገኘው ወደ ሠራዊቱ ዋና ሐኪም መሥሪያ ቤት ተዛወረ። በ1865 የመሥሪያ ቤቱን መጻሕፍት በኃላፊነት ተረከበ። ይህ ቤተ መጻሕፍት በ1836 በቢሮ ውስጥ በአንድ መደርደሪያ ላይ የተጀመረ ሲሆን፣ እርሱ ሲረከበው ከሁለት ሺህ ብዙም የማይበልጥ መጽሐፍ ነበረው። ከጦርነቱ በኋላ ከሆስፒታሎቹ ሒሳብ ተርፎ የተመለሰ 80 ሺህ ዶላር ያህል ገንዘብ ተገኘ፤ ይህም ለመጽሐፍ መግዣ እንዲውል ተፈቀደለት። እርስዎ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ፣ የተረፈ ገንዘብ እንዲህ ላለ ቁም ነገር ሲውል ማየት ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ያውቁታል።

ገንዘቡ ብቻ አልበቃውም። በየአገሩ ላሉ ሐኪሞችና ማኅበሮች ደብዳቤ ይጽፋል፤ ትርፍ ቅጂ የሆነውን በሌለው ይለውጣል፤ በቤቱ አቧራ የጠጣ አሮጌ መጽሔት ያለው ሁሉ እንዲልክለት ይለምናል። መጻሕፍቱ ቦታ ስለጠበባቸው በፎርድ ቲያትር እንዲቀመጡ ተደረገ፤ ይኸውም ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1865 የተተኮሰባቸው ቤት ነው። «ቤቱ እሳት ቢነሣበት ምንም አይተርፍም» እየተባለ ብዙ ከተመለከተ በኋላ፣ በ1887 አዲስ ሕንፃ ተሠርቶ መጻሕፍቱ ወጡ። ፍርሃቱም ከንቱ አልነበረም፤ በ1893 የዚያው የቲያትር ቤት ወለል በእሳት ሳይሆን በራሱ ተደርምሶ፣ በውስጡ ይሠሩ ከነበሩት የመንግሥት ጸሐፊዎች 22 ሰዎች ሞቱ።

የቢሊንግስ ዋና ሥራ ግን መሰብሰቡ አይደለም። መዝገብ ቤት ገብተው ፋይል ፈልገው የሚያውቁ እንደሆነ ነገሩ ቶሎ ይገባዎታል። ደብዳቤው ጠፍቷል አይባልም፤ ከእነዚያ ክምሮች በአንዱ ውስጥ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን በገቢ መዝገብ ላይ በትክክል ካልሰፈረና ቁጥሩ ካልታወቀ፣ ያለው ደብዳቤ ከሌለው አይሻልም። ባለጉዳዩም «ነገ ይመለሱ» እየተባለ ይመላለሳል። በሕክምና ጽሑፍም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ፣ ባለጉዳዩ አልጋ ላይ የተኛ በሽተኛ ስለሆነ ነገ ላይመለስ መቻሉ ነው።

ስለዚህ ቢሊንግስ መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን በየመጽሔቱ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ቁም ነገር ያለው ጽሑፍ ያስመዘግብ ጀመር። ማታ ማታ መጽሔቶቹን ወደ ቤቱ ይወስድና ሊመዘገብ በሚገባው ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል፤ ከዚያ ጸሐፊዎቹ ያንን በካርድ ላይ ይገለብጣሉ። የእነዚህ ጸሐፊዎች ስም ዛሬ በብዛት አይነሣም፤ እኔ ግን ከሐኪሞቹ ያላነሰ ነፍስ አድነዋል ባይ ነኝ። ሮበርት ፍሌቸር የተባለ የእንግሊዝ ተወላጅ ሐኪም ዋና ረዳቱ ነበር። በ1879 «ኢንዴክስ ሜዲከስ» የተባለው ወርኃዊ ማውጫ ተጀመረ፤ በ1880 የቤተ መጻሕፍቱ ትልቅ ማውጫ የመጀመሪያ ጥራዝ ታተመ፤ በ1895 አሥራ ስድስተኛው ጥራዝ ወጥቶ የመጀመሪያው ዙር ተፈጸመ። ወርኃዊው ማውጫ በ1899 ገንዘብ አጥቶ ተቋርጦ ነበር፤ በ1903 የካርኔጊ ተቋም ደርሶለት እንደገና ቀጠለ። በዚሁ ሁሉ መካከል በ1889 የተከፈተውን የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ዕቅድ ያወጣውም ይኸው ሰው ነው። የዚህን ሆስፒታል ስም ያስታውሱልኝ፤ እንመለስበታለን።

ማውጫ መሥራት ሲባል ስም ቀድቶ መደርደር ብቻ እንዳይመስልዎ። አንዱ ጸሐፊ «ቲቢ» ይላል፤ ሌላው «የሳንባ ነቀርሳ» ይላል፤ ሦስተኛው የላቲን ስሙን ይጽፋል። ሦስቱ በሦስት ቦታ ከተመዘገቡ፣ አንዱን ያገኘ ሰው ሁሉንም ያገኘ መስሎት ይሄዳል። ስለዚህ ለያንዳንዱ በሽታ፣ ለያንዳንዱም መድኃኒት አንድ የተቆረጠ ስም ተሰጥቶት ሌሎቹ ስሞች ሁሉ ወደዚያ ይመራሉ። ቤተ መጻሕፍቱ ይህን የስያሜ ዝርዝር በ1960 በአዲስ መልክ አውጥቶ፣ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ያድሰዋል።

የቀረው ታሪክ አጭር ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በ1956 በሕግ ከሠራዊቱ እጅ ወጥቶ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ተባለ፤ መቀመጫውም ዋሺንግተን አጠገብ ቤቴስዳ ነው። በ1964 የካርዱን ሥራ ኮምፒዩተር ተረከበው፤ በ1971 ከሩቅ ሆኖ በስልክ መሥመር መጠየቅ ተቻለ፤ በ1996 ፐብሜድ በኢንተርኔት ተከፈተ፣ በዓመቱም ለማንኛውም ሰው በነጻ ሆነ።

አሁን ቃል የገባሁልዎትን አሳዛኝ ነገር ልንገርዎ። በ2001፣ ቢሊንግስ ዕቅዱን ባወጣው በዚያው በጆንስ ሆፕኪንስ፣ አስምን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች የጤነኛ ሰው የአየር ቧንቧ እንዴት ክፍት ሆኖ እንደሚቆይ ለማወቅ ፈለጉ። ለዚህም ፈቃደኛ የሆኑ ጤነኞች ሄክሳሜቶኒየም የተባለ መድኃኒት በትንፋሽ እንዲስቡ ተደረገ። መድኃኒቱ በ1950ዎቹ ለደም ግፊት ይሰጥ የነበረ ነው። ከፈቃደኞቹ አንዷ የ24 ዓመት ወጣት ነበረች። መድኃኒቱን ከሳበች በኋላ ያስላት ጀመር፤ ሳንባዋ እየተጎዳ ሄደ፤ ወር ሳይሞላት ሞተች።

ተመራማሪው ሳይፈልግ ቀርቶ ነው እንዳይሉ። ፈልጓል። የታወቁ የማስተማሪያ መጻሕፍትን አይቷል፤ ፐብሜድንም ጠይቋል። ፐብሜድ ግን በዚያን ጊዜ የሚያውቀው ከ1966 ወዲህ የወጣውን ብቻ ነበር፤ ይህ መድኃኒት ከሳንባ ጉዳት ጋር እንደተያያዘ ያመለከቱት ሐኪሞች ደግሞ የጻፉት በ1950ዎቹ ነው። ጽሑፎቹ አልጠፉም፤ በወረቀት በታተሙት የቆዩ ማውጫዎች ውስጥ ነበሩ። ከሞቷ በኋላ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ፈልገው አወጧቸው። መንግሥትም በዚያ ተቋም በራሱ ገንዘብ በሰው ላይ ይደረግ የነበረውን ምርምር ለጊዜው አገደ። ኮምፒዩተሩ ዋሸ አይባልም፤ የሚያውቀውን መለሰ። የማያውቀው ከየት እንደሚጀምር የሚነግር ሰው ግን አልተጠየቀም። ዛሬ ፐብሜድ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ያለውን ይዟል፤ ከዚያ በፊት ያለውን የሚፈልግ አሁንም ወደ አሮጌዎቹ ጥራዞች መሄድ አለበት።

ይህ የሆነው በሀብታም አገር፣ መጽሐፍ በሞላበት ቤት ነው። እኛስ? በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954፣ በእኛ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት፣ የሚያሠለጥናቸው ጤና መኮንኖችና ነርሶች ወደ ሩቅ ወረዳ ወርደው የሚሠሩ ነበሩ። እዚያ የሚጠየቅ ታላቅ ሐኪም በአቅራቢያ አይገኝም፤ መጽሔትም በፖስታ ነው የሚመጣ፣ ያውም ለሚከፍል። ለአንድ የውጭ መጽሔት የዓመት ክፍያ የአንድን ጤና ጣቢያ በጀት ሊያናጋ ይችላል። የራሳችን የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት በ1962 መታተም በመጀመሩ፣ ቢያንስ በአገራችን የታየው በሽታ በአገራችን ሐኪም እጅ መጻፍ ጀመረ።

ትልቁ በር የተከፈተው ግን በ2002 ነው። በዚያ ዓመት የዓለም የጤና ድርጅት ከስድስት ታላላቅ አሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ ሂናሪ የተባለውን አገልግሎት ጀመረ። በዚህም መሠረት ድኻ የሆኑ አገሮች ኮሌጆች፣ ሆስፒታሎችና የምርምር ቤቶች የውጭ መጽሔቶችን ያለ ክፍያ በኮምፒዩተር ያነባሉ፤ ኢትዮጵያም ከነዚህ አገሮች አንዷ ናት። የመግቢያው ስምና ቁልፍ የሚሰጠው ግን ለተቋሙ ነው። በብዙ ቦታ ይህን ቁልፍ የያዘው ሰው፣ ተማሪው ወንበር ፍለጋ በአጠገቡ ሲያልፍ ቀና ብሎ የማያየው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው።

እርስዎ የጤና ተማሪ ከሆኑ እንዲህ ያድርጉ። ነገ ሃንድአውትዎን ከማውጣትዎ በፊት ወደ ጠረጴዛው ይሂዱና «የሂናሪ ቁልፍ አለን ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ከዚያ አንድ በሽተኛ ላይ ያዩትን፣ አስተማሪዎም ያልመለሰልዎትን ጥያቄ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ለበሽታው የተቆረጠው ስም ማን እንደሆነ ሠራተኛውን ያማክሩ፤ በሌላ ስሙም ይሞክሩ። የተገኘውን ሁሉ አይመኑ፤ ያልተገኘውንም የለም አይበሉ። ማውጫው ከየትኛው ዓመት እንደሚጀምር ማየት ደግሞ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የጤና ተማሪ ካልሆኑና መሥሪያ ቤትዎ ለኮሌጅ ወይም ለሆስፒታል የመጽሐፍ በጀት የሚያይ ከሆነ፣ ያ መስመር ቀድሞ ሲሰረዝ ዝም አይበሉ።

የቢሊንግስን ጥራዞች ማየት የሚወድ ሰው ቤቴስዳ ድረስ መሄድ የለበትም። ፎቶግራፍ ተነሥተው በነጻ ስለተቀመጡ በስልክም ይከፈታሉ። በእንግሊዝኛው «ኢ» ፊደል የሚጀምረውን ጥራዝ ቢያወጡ፣ ያ ተማሪ በ1860 ወራት ሙሉ ሲፈልጋቸው የከረመው ስለ ሚጥል በሽታ የተጻፉ ጽሑፎች፣ በየቋንቋው፣ በደቃቅ ፊደል፣ ገጽ በገጽ ተደርድረው ያገኟቸዋል።