የቤታችን ራዲዮ ሰዓት ስለ ምን እንደ ተሳሳተ

ባለፈው ዓመት በፊዚክስ ፈተና ቀን አርፍጄ መምጣቴን የክፍል ጓደኞቼ አይረሱትም። ፈተናው በ2፡30 ተጀምሮ እኔ የደረስሁት ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነበር። «ራዲዮው ነው ያሳሳተኝ» ብል ሁሉም ሳቀብኝ። ስለዚህ ነገሩን መርምሬ ያገኘሁትን ለአንባብያን ላስረዳ አሰብሁ።

ራዲዮው ዩኒቨርሲቲ ያለው ወንድሜ መዳፍ ከምታህል ኮምፒዩተር የሠራው ነው፤ ከኢንተርኔት እየተቀበለ ያሰማል፣ ጧት በ12 ሰዓት ይቀሰቅሳል። በዚያች ሌሊት መብራት ከ8 እስከ 11 ሰዓት ጠፋ። ኮምፒዩተሯ የሰዓት ባትሪ ስለሌላት፣ መብራት ሲመጣ የጀመረችው ቀድሞ መዝግባው ከነበረው ሰዓት ነው። እናቴ ወደ ሥራ፣ አያቴም ወደ ቤተ ክርስቲያን በማለዳ ወጥተዋል። የግድግዳው ሰዓት በባትሪው በትክክል ይሄድ ነበር፤ እርሱ ግን አይደውልም።

እንዲህ ያለ መሣሪያ ትክክለኛውን ሰዓት የሚያገኘው ጠይቆ ነው። የአጠያየቁን ደንብ ያወጣው ዴቪድ ሚልስ የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ ሲሆን፣ ጽሑፉ የወጣው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው። ችግሩ መልሱ በመንገድ ላይ ሳለ ጊዜው ማለፉ ነው። ስለዚህ መሣሪያው የጠየቀበትንና መልስ የተቀበለበትን ቅጽበት ይመዘግባል፤ ሰርቨሩም ጥያቄው የደረሰውንና መልሱን የላከበትን ይጽፍለታል። አንድ ሴኮንድ ከሺሕ ቢከፈል፣ ምልልሱ 80 እጅ ከፈጀ፣ ግማሹን 40 በመልሱ ላይ ይጨምርበታል። መሄጃው ከመመለሻው ከረዘመ ግን ስሌቱ ጥቂት ይዛባል። ሰርቨሩ የሚነግረው የዓለሙን ሰዓት ስለሆነ፣ መሣሪያው ለአገራችን 3 ሰዓት ይጨምራል። እኛ 12 የምንለውን ጧት 6 ብሎ መጻፉ ግን አያቴን እስከ ዛሬ ያስገርማቸዋል።

አንድ ጊዜ ጠይቆ መተውም አይበቃም። የሚቆጥርለት የኳርትዝ ድንጋይ ከሚሊዮን 20 ያህል ሊሳሳት ይችላል፤ ይህም በቀን ወደ 2 ሴኮንድ ይጠጋል። ለደወል ይህ ምንም አይደለም። ለዘፈን ግን ትልቅ ነገር ነው። ወንድሜ ሳሎንና ማድ ቤት ሁለት ድምፅ ማጉያ ባኖረ ጊዜ፣ ዘፈኑ ሲጀምር አንድ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ግን የማድ ቤቱ እንደ ገደል ማሚቶ ይመልስ ጀመር። እያንዳንዱ በሴኮንድ 44,100 ቍጥሮችን በራሱ ድንጋይ ልክ ያሰማልና፣ ልዩነታቸው ከሚሊዮን 50 ቢሆን በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሴኮንድ አንድ አምስተኛ ሊሞላ ምንም አይቀረው። መድኃኒቱ አንዱን አለቃ ማድረግ ነው፤ ሌላው ወደ ኋላ ሲቀር አንዳንድ ቍጥር ይዘልላል፣ ሲቀድምም ይጨምራል። ጆሮ አያውቀውም።

የእኛ ራዲዮ ታዲያ ለምን አልጠየቀም? ጠይቆአል። የኢንተርኔቱ ጥቅል እኩለ ሌሊት ላይ አልቆ ነበርና መልስ አልመጣለትም። ማታ ጥቅሉን ስገዛ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ያህል ዘልሎ ተስተካከለ፤ ለእኔ ግን ምን ይጠቅመኛል!

አሁን ክብ ባትሪ ያላት ትንሽ የሰዓት ክፍል ገጥሜለታለሁ። ባለፈው ወር መብራት ሌሊት ቢጠፋም በ12 ሰዓት ደወለ። አያቴ ግን ያን ጊዜ የግድግዳውን አይተው ተነሥተው ነበር።