ከፖርቶመጋላ እስከ ካቢን፦ ስለ እጅ ሻንጣ የሚወራውና እውነታው

ከወልድያ ወይም ከመርሳ ተነስቶ ባሕር ማዶ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሳፈረው አውቶቡስ ላይ ነው። እስከ ቦሌ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ የጓዝ ሕግ የሚማረውም መናኸሪያ ውስጥ ነው። ጆንያው ፖርቶመጋላ ላይ ይወጣል፣ በሒሳቡ ከረዳቱ ጋር ክርክር ይገጠማል፣ ውድ የሆነው ነገር ግን ከጭን አይወርድም። ለአውቶቡስ ደግ ሕግ ነው፤ አውሮፕላን ላይ ግን አይሠራም። መርሳ ካለችበት ከሐብሩ ወረዳ ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ዱባይና ወደ ቤይሩት የሄደው ሰው ብዙ በመሆኑ ስለ እጅ ሻንጣ መካሪ አይጠፋም። ምክሩ ግማሹ ትክክል ነው፤ ግማሹ ግን ፍተሻ ላይ ሻንጣ የሚያስከፍት ነው።

«7 ኪሎ የሚሉት ትርፍ ኪሎ ለማስከፈል ነው፤ ያን የሚያህል አውሮፕላን የእኔ 3 ኪሎ ምን ያደርገዋል?»

አየር መንገዶች ከትርፍ ኪሎ ገንዘብ እንደሚያገኙ አይካድም። አንድ ሰው 3 ኪሎ ቢጨምር አውሮፕላን እንደማይወድቅም እውነት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለኢኮኖሚ ተሳፋሪ የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ ግን አንድ ነው፤ ከ7 ኪሎ የማይበልጥ፣ ርዝመቱ 55፣ ወርዱ 40፣ ውፍረቱ 23 ሴንቲ ሜትር። ይህ ልክ የወጣበት ምክንያት አለው። ታች የሚገባው ሻንጣ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ተሳፋሪውና በእጁ የያዘው ግን በአማካይ ክብደት ነው የሚሰሉት። በአውሮፓ ደንብ አንድ አዋቂ ከነእጅ ሻንጣው 84 ኪሎ ተብሎ ይታሰባል። እንግዲህ ወደ ላሊበላና ወደ ኮምቦልቻ በሚበረው ባለ ፕሮፔለር ዳሽ 8 ላይ 70 ሰው «የእኔ ምን አላት» እያለ አምስት አምስት ኪሎ ቢደብቅ 350 ኪሎ ይሞላል። ስማቸው መዝገብ ላይ የሌለ አራት አዋቂዎች ከነሻንጣቸው ተሳፈሩ ማለት ነው።

በወረቀት ላይ ያለ ስጋት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2003 አሜሪካ ውስጥ ሻርሎት ከተማ አንድ አነስተኛ የመንገደኞች አውሮፕላን እንደተነሳ ተከስክሶ የተሳፈሩት 21 ሰዎች በሙሉ ሞተዋል። ምርመራው የጅራቱ መቆጣጠሪያ ገመድ በጥገና ወቅት በትክክል እንዳልተስተካከለ አገኘ፤ በዚያ ላይ አውሮፕላኑ ከልኩ በላይ ተጭኖ ክብደቱ ወደ ኋላ አድልቶ ነበር። ለስሌት ይጠቀሙበት የነበረው አማካይ ክብደት ከእውነተኛው ያነሰ ነበርና ከዚያ በኋላ ከፍ እንዲል ተደርጓል። እኛ ዘንድ ደግሞ የከፍታው ነገር አለ። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ጉልበታቸው ይቀንሳል። ጅዳ ላይ የማይከብደው ጭነት ቦሌ ላይ ይከብዳል።

«ምግብ ነው፤ ምግብ ማን ይከለክላል?»

የእናቶች እንባ የሚፈሰው እዚህ ላይ ነው። በፈታሾች ዓይን ማርና ቅቤ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ለንደን ላይ በፈሳሽ ፈንጂ አውሮፕላኖችን የማጋየት ሴራ ከከሸፈ ወዲህ፣ በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ በአንድ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም የሚለው ሕግ ዓለምን አዳርሷል። አዳዲስ መፈተሻ የተከሉ አንዳንድ ኤርፖርቶች ማላላት ጀምረዋል፤ እሱን ተስፋ አድርጎ የአንድ ኪሎ ማር በእጅ መያዝ ግን ማሩን ለፈታሹ መስጠት ነው። ከዑምራ የሚመለስ ሰው በእጁ የያዘው ዘምዘምም ከዚህ ሕግ አያመልጥም፤ ታሽጎ ታች ይግባ።

በርበሬና ሽሮ ፈሳሽ አይደሉም፣ ስለዚህ ያልፋሉ የሚል ብዙ ነው። ወደ አረብ አገር ለሚሄድ ብዙም ላያስቸግር ይችላል። ወደ አሜሪካ የሚበር ሰው ግን ይወቀው፦ እ.ኤ.አ. ከጁን 30 ቀን 2018 ጀምሮ ከውጭ ወደዚያ በሚገቡ በረራዎች ላይ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ከተያዘ ተጨማሪ ፍተሻ አለበት፤ ምንነቱን ማረጋገጥ ካልተቻለ ካቢን አይገባም። 350 ሚሊ ሊትር ከአንድ ጣሳ ለስላሳ ብዙም አይበልጥም። የዓመት በርበሬዋን በእጅ ቦርሳ ይዛ የተሰለፈች እህት ወረፋውን ብታስቆም ጥፋቱ የፈታሹ አይደለም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በርበሬው ታች ይውረድ።

ቋንጣው ግን ታች ቢወርድም አይድንም። የሥጋ ነገር የአየር መንገዱ ሳይሆን የተቀባይ አገር ጉምሩክ ጉዳይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት፣ መንገደኛ ከኢትዮጵያ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ቅቤንም ይጨምራል። አሜሪካም ቋንጣ አታስገባም፤ የሐብሩን ማንጎም እንዲሁ።

«ውድ ዕቃ ሁሉ በእጅ ይሁን፤ ታች የገባ ሻንጣ ቢጠፋ ማን ይጠየቃል?»

ለወርቅ፣ ለጥሬ ገንዘብ፣ ለፓስፖርት፣ ለሥራ ውልና ለመድኃኒት ምክሩ ትክክል ነው። ለሌላው ዕቃ ግን ሕጉ የሚለው የተገላቢጦሽ ነው። ኢትዮጵያ ባጸደቀችው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት፣ ተመዝኖ የገባ ሻንጣ በአየር መንገዱ እጅ እያለ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር፣ ባለ ንብረቱ የድርጅቱን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም። ካሳው ጣሪያ አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ኤስ.ዲ.አር. በሚባለው የዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ 1,519፣ ማለትም 2,000 ዶላር ግድም ነው። በእጅ የተያዘው ዕቃ ላይ ግን ድርጅቱ የሚጠየቀው ጥፋቱ የራሱ ከሆነ ብቻ ነው። «ዓይኔ ሥር ነው» የተባለው ሻንጣ ሕጉ ፊት ደካማው ነው ማለት ነው።

ተጎድቶ ለመጣ ሻንጣ የጽሑፍ አቤቱታ የሚቀርበው ከተረከቡት ቀን ጀምሮ በ7 ቀን ውስጥ፣ ዘግይቶ ለመጣ ደግሞ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ዕቃውን መርሳ አድርሶ፣ ዘመድ ጠይቆ፣ ሳምንት አርፎ ዚፑ መቀደዱን የሚያይ ሰው ጊዜው ያልፍበታል። ከቦሌ ሳይወጡ ሻንጣን አገላብጦ ማየት፣ ቲኬቱ ላይ የተለጠፈችውን የሻንጣውን ቁራጭ ወረቀትም አለመጣል ነው።

«ፓወር ባንክ ታች ይግባ፤ ላይ ሲፈትሹ ያስቸግራል።»

ከሁሉም የከፋው ምክር ይኸ ነው። የሊቲየም ባትሪ ሲበላሽ በራሱ ሊቃጠል ይችላል፤ ካቢን ውስጥ ቢጨስ ሠራተኞቹ ደርሰው ያጠፉታል፣ ከሻንጣዎች መሀል ታች ቢነሳ ግን ማንም አይደርስበትም። ስለዚህ ፓወር ባንክ ሁልጊዜ በእጅ ነው፤ ያለ ልዩ ፈቃድ እስከ 100 ዋት ሰዓት። 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ተብሎ የተጻፈበት የተለመደው ዓይነት 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ያልፋል። በጃንዋሪ 2025 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ለመነሳት በተዘጋጀ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ላይ እሳት ተነስቶ ነበር፤ ከራስጌ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ የነበረ ፓወር ባንክ ነው የተጠረጠረው። አገሪቱም ፓወር ባንክ ራስጌ ላይ እንዳይቀመጥ ደነገገች። ካቢኑ ሞልቶ በር ላይ «ይህ ሻንጣ ታች ይገባል» ቢሉ፣ ከመስጠት በፊት ፓወር ባንኩን፣ ፓስፖርቱንና መድኃኒቱን ማውጣት ነው።

«ኪሎ ካለሽ ይቺን ያዢልኝ፤ እዚያ የሚቀበልሽ ሰው አለ» ለሚል የማያውቁት ሰው መልሱ አጭር ነው፦ አይሆንም። ሻንጣው በስምሽ ከተመዘገበ ውስጡ ያለው ሁሉ ያንቺ ነው።

«አደጋ ቢመጣ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ እወርዳለሁ።»

ዓመታት በሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችው ሁሉ በዚያች ቦርሳ ያለ ሴት እንዲህ ብታስብ አይፈረድባትም። አውሮፕላን ሲፈቀድ ግን ግማሹ በር ተዘግቶ ሰው ሁሉ በ90 ሰከንድ መውጣት እንደሚችል ተፈትኖ ነው፤ በፈተናው ሻንጣ የሚያወርድ የለም። በኦገስት 2016 ዱባይ ላይ የኤምሬትስ አውሮፕላን ሲያርፍ ተከስክሶ በእሳት ሲያያዝ፣ ተሳፋሪዎች ሻንጣ ሲያወርዱ የሚያሳየው ቪዲዮ ዓለምን አዳርሷል። 300ው ሁሉ ወጡ፤ ከደቂቃዎች በኋላ በደረሰው ፍንዳታ ግን አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሞተ። በጃንዋሪ 2024 ቶኪዮ ሐኔዳ ላይ የተቃጠለው የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ የነበሩት 379 ሰዎች ደግሞ ሻንጣቸውን ትተው ሁሉም በሕይወት ወጥተዋል።

እናቶቻችን ብር የሚቋጥሩት በመቀነታቸው ጫፍ ነው፤ ለአውሮፕላንም ከዚህ የተሻለ ዘዴ አልተገኘም። ፓስፖርቱ፣ ወርቁና የሥራ ውሉ ወገብ ላይ በሚታሰር ስስ ቦርሳ ይሁን፤ የወረቀቶቹም ፎቶ ከመነሳት በፊት ለቤተሰብ ስልክ ይላክ።